የዱር እንስሳት ለማየት ለ3 ቀን ማሳይ ማራ ወይስ አምቦሴሊ?

የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን ሐምሌ አጋማሽ ላይ ከአዲስ አበባ ወደ ኬንያ ልንወስድ ነው፤ 24 ልጆችና 4 መምህራን፣ ናይሮቢ ከደረስን በኋላ 6 ቀን። ቪዛ አያስፈልገንም፤ የቢጫ ወባ ክትባቱ ከጉዞው 10 ቀን ቀደም ብሎ ይወሰዳል፤ የወላጆች ስምምነትም በሰነዶች ማረጋገጫ እያለቀ ነው። የቸገረን የቀኑ አከፋፈል ነው።

ተቀባዩ ትምህርት ቤት ከናይሮቢ በስተደቡብ ካጂያዶ ነው። ልጆቹ አብረው ክፍል እንዲገቡ፣ የማሳይ ዶቃ አሠራር እንዲማሩ፣ የኛዎቹም ቡና አፍልተው እንዲያስተናግዱ ተከታታይ 3 የትምህርት ቀን ይፈልጋል። ወደ 2 እንዲቀንስልን ጠየቅን፣ አልሆነም። ወደ ነሐሴ መጀመሪያ እንዳንገፋው ደግሞ ያኔ ትምህርት ቤቶቻቸው ዝግ ናቸው።

ለእንስሳቱ የሚተርፈው 3 ቀን ብቻ ነው። ማሳይ ማራ በናይሮቢና በናሮክ ዞሮ መሄጃው ቀኑን ይበላዋል፣ መመለሻውም እንዲሁ። መግቢያው ከሰኔ 24 እስከ ታኅሣሥ 22 ለውጭ አገር አዋቂ በቀን 200 ዶላር፣ ለልጅ 50 ነው፤ ለኛ ያለ መኪናና ያለ ማደሪያ በቀን 2,000 ዶላር ማለት ነው። ያን ከፍለንም በየዓመቱ ወንዝ እየተሻገረ የሚሰደደው ዊልደቢስት የሚባል የዱር እንስሳ መንጋ ወንዝ ዳር ቆሞ ውሎ ሳይሻገር ሊመለስ ይችላል (መንጋው የኛን ፕሮግራም አያውቅም)። አምቦሴሊ በናማንጋ በኩል ቅርብ ነው፤ ዝሆኑም ገላጣ ሜዳ ላይ ስለሆነ በደንብ ይታያል። ችግሩ፣ ለወላጆች የተነገረው የወንዝ መሻገሩ ነው።

በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆችን ይዛችሁ የሄዳችሁ፣ ማራ አንድ ሙሉ ቀን ለመዋል ሁለቱን ቀን መኪና ላይ ማሳለፍ ያዋጣል ወይስ ሦስቱንም ቀን ለአምቦሴሊ መስጠት ይሻላል?