በጥር ብርድ ድንኳን ውስጥ እንዴት ይታደራል?

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ ምከሩኝ። ለጥር 23ቱ የአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ እንሄዳለን። ማታ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ድንኳን ተክለን፣ በማሲንቆና በከበሮ ስንጨፍር ልናመሽ ነው። እኔ ድንኳን ውስጥ አድሬ አላውቅም።

የጨነቀኝ ብርዱ ነው። አገሩ ደጋ ነው፤ የጥር ሌሊት አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ጓደኞቼ የከሰል ምድጃ ድንኳኑ ውስጥ እናስገባ ይላሉ። እኔ በፍጹም አልስማማም! የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፤ በተኛንበት ሊገድለን ይችላል። እንዴት ላሳምናቸው?

ጋቢና ብርድ ልብስ አለን። ግን ቅዝቃዜው ከመሬትም ይመጣል። ከሥር ምን ይነጠፍ? ገለባ፣ ቁርበት ወይስ ስፖንጅ? ድንኳኑንስ ከውኃው ምን ያህል እናርቀው? እዚያ አካባቢ ያደራችሁ ካላችሁ፣ በእናታችሁ ቶሎ መልሱልኝ።