የቅሬታ ሳጥኑ ባዶ ከሆነ ሰው ረክቷል ማለት ነው?

አዲሷ ኦፊሰር፦
ሰላም ሰዎች፣ በእርዳታ ሥራ ላይ ያላችሁ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የሆነ ኤንጂኦ ውስጥ አካውንተብሊቲ ኦፊሰር ተብዬ ገብቻለሁ፣ ሥራዬ ባጭሩ የተረጂውን አስተያየትና ቅሬታ ሰብስቦ ሪፖርት ማድረግ ነው። ሳጥን አለ፣ ነፃ የስልክ መስመር አለ፣ ፖስተሩም ተለጥፏል፣ ግን ሳጥኑ ሲከፈት ወይ ባዶ ነው ወይ ደሞ ምስጋና ብቻ ነው የሚገኘው። አለቃዬ በቃ ሰው ረክቷል ብለሽ ጻፊ ይለኛል። እኔ አልዋጥልኝ አለ፣ ሰልፉ ላይ ሲያጉረመርሙ በጆሮዬ እየሰማሁ እንዴት ብዬ ነው እንደዛ የምጽፈው? አንድ ድርጅት ለሚረዳው ሰው በእውነት ተጠያቂ የሚሆነው ምን ሲያደርግ ነው?

የመጋዘን ሰው፦
እህቴ መጀመሪያ ሳጥኑ የት እንደተሰቀለ እይ። እኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ ማከፋፈያው በር ላይ፣ መዝጋቢው ከሚቀመጥበት ጠረጴዛ ፊት ለፊት ናቸው፣ ቁልፉም እሱው ኪስ ውስጥ ነው። ታዲያ ስሜን ከዝርዝር ሊሰርዝ የሚችል ሰው እያየኝ ስለሱ ጽፌ ልክተት? መጻፍ የማይችለውስ በማን ያስጽፍ፣ በኮሚቴው ነዋ፣ ቅሬታው ደሞ ብዙ ጊዜ ኮሚቴው ላይ ነው 😀 ስልኩም ቢሆን ቤት ውስጥ ያለው አንድ ቀፎ ባልየው እጅ ከሆነ ሴትየዋ መቼ ትደውል። ሰዉን ራሱን በምን መንገድ ብንሰማችሁ ይሻላል ብለሽ ጠይቂ፣ ሴቶቹን ለብቻ፣ አካል ጉዳተኞቹን ያሉበት ድረስ ሄደሽ። የወሲብ ብዝበዛ ጥቆማ ግን ከተራው ቅሬታ ጋር በፍፁም እንዳይቀላቀል፣ ሚስጥር የሚጠበቅበት የራሱ መንገድና የሰለጠነ ሰው ይፈልጋል፣ እሱ ላይ ቀልድ የለም።

ነገረኛው፦
ልክ ነህ ግን ዋናው ነገር አልተነካም። ብሩ የሚመጣው ከዶነር፣ ሪፖርቱ የሚሄደው ለዶነር። ዶነር ቅር ካለው ብሩን ያቆማል፣ ተረጂ ቅር ቢለው ምን ያመጣል፣ እናንተን ትቶ ሌላ ድርጅት አይመርጥ። ቃል መግባትማ መች ጠፋ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የቀይ መስቀልና የኤንጂኦዎች የሥነ ምግባር ደንብ ለምንረዳቸውም ብር ለሚሰጡንም ተጠያቂ ነን ይላል፣ በ2014 ኮር ሂውማኒተሪያን ስታንዳርድ የሚባለው የእርዳታ ድርጅቶች የጋራ መመዘኛ ዘጠኝ ቃል ኪዳን ይዞ መጣ፣ በ2016 ደሞ ግራንድ ባርጌን የሚባል የዶነሮችና የእርዳታ ድርጅቶች ስምምነት ተባለና እስከ 2020 ከገንዘቡ 25 በመቶው በተቻለ መጠን በቀጥታ ለአገር በቀል ድርጅቶች ይደርሳል ተባለ፣ የት አባቱ ይደርሳል። ሄይቲን እዩ (እሱ እንኳን የሰላም አስከባሪዎች ጉዳይ ነው ግን ነገሩ ያው ነው)፣ ኮሌራው በተመድ ሰላም አስከባሪዎች በኩል የገባው በ2010፣ ተመድ ይቅርታ የጠየቀው በ2016 መጨረሻ!

ሰናይት፦
ነገረኛው ነገርህ ባይከፋም ሁሉን ዶነር ላይ መጫን ግን ለሰነፍ ድርጅት ጥሩ ሽፋን ነው። የማከፋፈያ ሰዓቱ መሽቶባቸው እናቶች በጨለማ ተሸክመው የሚሄዱ ከሆነ ሰዓቱን ለመቀየር የማን ፈቃድ ያስፈልጋል? ደሞ ከቅሬታ በፊት መረጃ ይቀድማል። ለቤተሰቡ ስንት ኪሎ እንደሚገባው ያልተነገረው ሰው ጎደለብኝ ብሎ እንዴት ይከሳል? ማን በምን መስፈርት እንደተመዘገበ፣ ለአንድ ሰው ስንት እንደሚደርሰው፣ እርዳታው መቼ እንደሚያበቃ በሚገባቸው ቋንቋ በትልቁ ይለጠፍ፣ በድምፅ ማጉያም ይነገር፣ ያኔ ቅሬታው እንዴት እንደሚጎርፍ ታያላችሁ። መልስ መስጠት ደሞ አለ፣ አይሆንም ቢሆን እንኳ ተመልሶ ሄዶ በዚህ ምክንያት አልሆነም ማለት። መጠይቅ እየሞሉ ጠፍቶ መቅረት ሰውን አሰልችቶታል፣ ምንም መቀየር ካልቻላችሁ ባትጠይቁት ይሻላል።

አዲሷ ኦፊሰር፦
በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ቁልፉን ማስቀየር እችላለሁ መሰለኝ፣ ሪፖርቱን ግን ምን ላድርገው? አለቃዬ ነው የሚፈርምበት።

የመጋዘን ሰው፦
ረክተዋል የሚለውን አትጻፊ፣ በሳጥን የቀረበ ቅሬታ የለም ብለሽ ብቻ ጻፊ፣ እሱ ሐቅ ነው። ከስሩ ሰልፍ ላይ የሰማሽውን ስም ሳትጠቅሺ ጨምሪ፣ ከጠየቅሻቸው ስንቱ የሚገባውን መጠን እንደሚያውቅም አስገቢበት። ይውጣ ካለሽ በኢሜይል ይበልሽ።