ካኩማ ለ3 ሳምንት ሚሽን ልንሄድ ነው፤ ቀኑ እንዴት ነው የሚውለው?

የአዳማዋ መዘምር፦
የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ከአጥቢያችን 6 ሆነን ኬንያ፣ ቱርካና ውስጥ ወዳለው የካኩማ ስደተኞች ካምፕ ልንሄድ ነው። የምናገለግለው እዚያ ካለች የደቡብ ሱዳናውያን ቤተክርስቲያን ጋር ነው። እኔ ከሀገር ወጥቼ አላውቅም። ስልጠና ወስደናል፣ ስለ ወንጌል ስርጭትና ስለ ጸሎት ብዙ ተምረናል። ግን ጠዋት የት ነው የምታጠበው? ምን እንበላለን? ቀኑን ሙሉ ምን ስንሠራ እንውላለን? ይህን የነገረን ሰው የለም። ለልጆች ከረሜላና ፊኛ ገዝተናል። ሌላ ምን እንያዝ? የሄዳችሁ ካላችሁ እባካችሁ እውነቱን ንገሩኝ። እናቴ በሐሳብ እንቅልፍ አጥታለች።

ቤኪ፦
አጎበር፣ በፀሐይ የሚሞላ መብራት፣ ሽፍን ጫማ ያዙ። ወባ ስላለ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። ጠዋት ጫማችሁን ሳታራግፉ እንዳታጠልቁ፤ ጊንጥ ይገባበታል። ተባረኩ።

ሲስተር ከሀዋሳ፦
እህቴ፣ እኔ ነርስ ነኝ። ካኩማ 7 ሳምንት ቆይቻለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ።

ቀኑ የሚጀምረው በውሃ ነው። ቧንቧው የሚለቀቀው በሰዓት ስለሆነ ገና ሳይነጋ ቢጫ ጄሪካኖች ተሰልፈው ታያለሽ። ወረፋ የሚይዘው ጄሪካኑ ነው፣ ባለቤቶቹ ጥግ ይዘው ያወራሉ። ያሳረፉን እናት መጀመሪያ ላይ እንግዳ ውሃ አይቀዳም ብለው ከለከሉኝ። በሦስተኛው ቀን ለምኜ አብሬያቸው ሄድኩ። ሃያ ሊትሩን እሳቸው በጭንቅላታቸው ተሸከሙት። እኔ የኔን ይዤ መንገድ ላይ ሦስቴ አረፍኩ። ሴቶቹ ስሜን የጠየቁኝ ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ በስሜ ይጠሩኝ ጀመር። ክሊኒክ ውስጥ አንገታቸውን ደፍተው የሚቀመጡት እናቶች እንኳ ሕመማቸውን በግልጽ ይነግሩኝ ጀመር። ስለዚህ ውሃ ቅጂ። ይህን ከምንም በላይ አደራ እልሻለሁ።

ገላሽን የምትታጠቢው በባልዲና በጣሳ ነው። ግማሽ ባልዲ ይበቃል። ጸጉርሽን ሹሩባ ተሠርተሽ ሂጂ፣ ካለበለዚያ አቧራውን አትችዪውም።

ምግቡ በአብዛኛው ኡጋሊ ነው። የበቆሎ ዱቄት ገንፎ በዪው፣ ግን ጠንከር ያለ ነው፤ መሃሉ ላይ ቅቤና በርበሬ የለውም። በእጅሽ ቆርሰሽ ከሱኩማ ዊኪ ጋር ትበያለሽ፣ ማለትም ከጎመን ጋር። ጊዘሪ የሚሉት ደግሞ የበቆሎና የቦሎቄ ንፍሮ ነው። ደቡብ ሱዳናውያኑ የማሽላ ኪስራ ይጋግራሉ። ስስ እንጀራ ነው፣ ሆድሽ ቶሎ ይለምደዋል። ካኩማ 1 በሚባለው የካምፑ ክፍል ውስጥ የእኛ ሰዎች ምግብ ቤቶችም አሉ፣ እንጀራ አይጠፋም። ግን አንድ ነገር አስቢ። ያሳረፉሽ ቤተሰቦች የሚያበሉሽ ከራሽናቸው ነው፣ ራሽኑ ደግሞ በእነዚህ ዓመታት ብዙ ጊዜ ተቀንሷል። እኛ ይህን የተረዳነው ከሳምንት በኋላ ነው፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ ዱቄት፣ ዘይትና ባቄላ ገዝተን በቤተክርስቲያኑ ሽማግሌ በኩል ሰጠን። እናንተ ገና በመጀመሪያው ቀን አድርጉት። በቀጥታ ብትሰጡ ያፍራሉ፣ በሽማግሌው በኩል ሲሆን ይቀበላሉ።

ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ እስከ 10 ሰዓት ድረስ ሥራ የለም። ሙቀቱ 38 ዲግሪ ይደርሳል፣ ሁሉም ጥላ ስር ነው። ብዙ ቡድን የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፕሮግራም እናድርግ፣ ልጆች እንሰብስብ ይላሉ። ተዪው። ተቀመጪና አዳምጪ። እኔ ዛፍ ስር ተቀምጬ ነው ከአንድ ደቡብ ሱዳናዊ ሽማግሌ ጋር የተዋወቅሁት። ከየት እንደመጣሁ ስነግራቸው "ደህና ነሽ?" አሉኝ፣ በአማርኛ። ልጅ ሳሉ ጋምቤላ፣ ፉኝዶ ካምፕ ነበሩ። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ በእግራቸው ተሰደዱ፣ በ1984 ካኩማ ሲቋቋም ከመጀመሪያዎቹ ጋር ገቡ። ጊሎ ወንዝን ሲሻገሩ ስላለቁት ጓደኞቻቸው ነገሩኝ። ላጽናናቸው ቃል አጣሁ፣ ዝም ብዬ አለቀስኩ። እሳቸው ጸለዩልኝ። ላገለግል ሄጄ የተገለገልኩት እኔ ነበርኩ።

እሑድ አምልኮው ረጅም ነው። ከበሮው ከሩቅ ይሰማል። ስብከቱ ከእንግሊዝኛ ወደ ስዋሂሊ፣ ከዚያ ወደ ዲንካ ስለሚተረጎም የ10 ደቂቃው 30 ደቂቃ ይፈጃል። አጭር መልእክት አዘጋጁ። "ብዋና አሲፊዌ" ሲሉሽ "አሜን" በዪ፣ ጌታ ይመስገን ማለት ነው።

ከረሜላውን ግን ተዉት። እኔም ይዤ ሄጄ ነበር። ገና ሦስት ልጅ እንደሰጠሁ መቶ ሆኑ። ተገፋፍተው አንዲት ትንሽ ልጅ ወደቀች፣ ግንባሯ ተፈነከተ። ቁስሏን ያጠብኩት እኔ ነኝ። እናቷ አንድ ክፉ ቃል አልወጣቸውም፣ ያ ደግሞ የበለጠ አመመኝ።

የአዳማዋ መዘምር፦
ሲስተር፣ ጌታ ይባርክሽ። ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ከረሜላውን ለሰንበት ትምህርት ቤታችን እሰጣለሁ። የሄድንበትን ለማሳየት ፎቶ ማንሳትስ ይቻላል? ገንዘብስ እንዴት እንያዝ?

ናይሮቢ ነዋሪ፦
ካምፑ ለመግባት ፈቃድ ያስፈልጋል። የምትጋብዛችሁ ቤተክርስቲያን ቀድማ ትጨርስላችሁ። ፎቶ ያለ ፈቃድ አታንሱ፣ የሕፃናትን በተለይ። ሸሽተው ያመለጡት ሰው የሚፈልጋቸው አሉ፤ ፊታቸው ፌስቡክ ላይ መውጣት የለበትም።
ለገንዘብ የኬንያ ሲም አውጡና ኤምፔሳ ክፈቱ። ትንሿ ሱቅ ድረስ ይሠራል።
ሰዓት ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። ስዋሂሊ እንደኛ ነው የሚቆጥረው፤ "ሳ ታቱ" ማለት የኛው ጠዋት 3 ሰዓት ነው። በእንግሊዝኛ ሲነግሯችሁ ግን 9 ይላሉ። አንድ የመጣ ቡድን 9 ሰዓት ሲባል የኛ መስሎት ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ምእመኑ ከጠዋት ጀምሮ ቁጭ ብሎ ሲጠብቃቸው ነበር።
ዝናብ ከዘነበ ታራች የሚባለውን ወንዝ ለመሻገር አትቸኩሉ። ደረቅ አሸዋ ይመስላል፣ ግን ተራራ ላይ የዘነበው ድንገት ሞልቶ ይመጣል።

ሲስተር ከሀዋሳ፦
ወንድሜ ያለው ሁሉ ልክ ነው፣ ስለ ፎቶው በተለይ። እኔ ሰው የሌለበት የቤተክርስቲያኑን የጭቃ ግድግዳና ከበሮውን ብቻ አንስቼ መጣሁ፤ ለምእመናኑ በቃሌ ነገርኳቸው።
ለእናትሽ፣ ማታ ማታ ኔትወርክ አለ፣ ትደውዪላታለሽ በያት።
አንድ የረሳሁት ነገር። ቡና ያዢ፣ ግን ያልተቆላ ይሁን። ዛፍ ስር ያገኘኋቸው ሽማግሌ ስለያቸው የጠየቁኝ እሱን ነበር፣ ስትቆሊው ጭሱን ማሽተት ፈልገው። እኔ ተፈጭቶ የታሸገ ነበር የያዝኩት። ካገኘሻቸው አንቺ ቁይላቸው።