ወንጀል ለበዛበት ሰፈር ሰው መሣሪያ በነጻ ይታደል?

ጥያቄ አቅራቢ፦ በ2013 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በአሜሪካ፣ ቴክሳስ ግዛት፣ ሂዩስተን ከተማ ውስጥ አንድ ድርጅት ተቋቁሞ ነበር። የጀመረው ካይል ኮፕለን የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ወንጀል በበዛባቸው ሰፈሮች ለሚኖሩ ሰዎችና ለላጤ ሴቶች ሾትገን (አፈሙዙ ረጅም የሆነ የጠመንጃ ዓይነት) በነጻ ያድል ነበር። መሣሪያው በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ ነው የሚጎርሰው። ተቀባዩ መጀመሪያ የወንጀል ታሪኩ ይጣራ ነበር፤ ስለ አያያዙና ስለ ሕጉም ይሠለጥን ነበር። ሐሳቡ አሪዞና፣ ቱሳን ድረስ ሄዷል። በ2011 የምክር ቤት አባሏ ጋብሪኤል ጊፈርድስ በጥይት የተመታችው፣ ሌሎች 6 ሰዎች የሞቱትም እዚያው ቱሳን አካባቢ ነው። ለመሆኑ እንዲህ ያለው እደላ ተገቢ ነው ትላላችሁ?

ደጋፊ፦ እኔ እደግፋለሁ። ሀብታም ሰፈር ጥበቃ አለው፣ ካሜራ አለው። የድሃ ሰፈር ሰው ያለው ስልክ ብቻ ነው። ደውሎ ይጠብቃል። ፖሊስ ሲመጣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። በ1999 ኮሎራዶ ውስጥ ካስል ሮክ በምትባል ከተማ የሆነውን ላስታውሳችሁ። አንዲት እናት ተለይታው በምትኖረው ባሏ ላይ የፍርድ ቤት እገዳ አውጥታ ነበር። ሰውየው ሦስት ሴት ልጆቿን ይዞ ጠፋ። ደጋግማ ፖሊስ ጋ ደወለች፣ ጣቢያ ድረስም ሄደች። ጠብቂ አሏት። ሦስቱም ልጆች ተገደሉ። ከሰሰች፤ በ2005 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 7 ለ 2 በሆነ ድምፅ፣ ፖሊስ እገዳውን እንዲያስፈጽምልሽ የመጠየቅ ሕገ መንግሥታዊ መብት የለሽም አላት። ከዚህ በኋላ ድሃዋን እናት “መሣሪያ አትያዢ፣ ፖሊስ አለልሽ” የሚላት ሰው በምን አፉ ነው?

ተቃዋሚ፦ ወንድሜ፣ የዚያች እናት ነገር እኔንም ያንገበግበኛል። ፍርዱም አሳፋሪ ነው። ግን ልጆቹ የተወሰዱት ከቤት ውጭ ሲጫወቱ ነው። ቁም ሳጥን ውስጥ ያለ ጠመንጃ ምን ያደርግላቸው ነበር? የሚያስፈልጋት የነበረው ሥራውን የሚሠራ ፖሊስ ነው።

እናንተ ሁልጊዜ የምታዩት በሌሊት በር ሰብሮ የሚገባውን ሌባ ነው። እኔ የሚያስጨንቀኝ በሩ ተዘግቶ ውስጥ ያለው ሰው ነው። በ2022 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ካሊፎርኒያ ላይ ያወጡት ጥናት አለ። ያጠኑት ራሳቸው መሣሪያ የሌላቸውን፣ ግን ሽጉጥ ካለው ሰው ጋር አንድ ቤት የሚኖሩትን ነው። ሽጉጥ በሌለበት ቤት ከሚኖሩት ይልቅ በሰው እጅ የመገደላቸው መጠን ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። በትዳር ጓደኛ ወይም በፍቅረኛ ተተኩሶባቸው የሞቱት ደግሞ 7 እጥፍ ገደማ ናቸው፤ አብዛኞቹ ሴቶች። ድርጅቱ እጠብቃቸዋለሁ የሚለው እነማንን ነበር? ሴቶችን አይደለም?

ደጋፊ፦ ጥናቱ ስለ ሽጉጥ ነው፣ እዚህ የሚታደለው ሾትገን ነው። ደግሞም ሰው መሣሪያ የሚገዛው ስለሚፈራ ነው። ቀድሞውኑ አደጋ ያለበት ቤት መሣሪያ ገዛ ማለት፣ አደጋውን ያመጣው መሣሪያው ነው ማለት አይደለም።

ተቃዋሚ፦ ይህን እቀበላለሁ፣ እንዲህ ያለ ጥናት ብቻውን መንስኤውን አያሳይም። ግን ስለ ራስ ማጥፋት ምን ትላለህ? በ2021 አሜሪካ ውስጥ 48,830 ሰው በጥይት ሞቷል። ከዚህ ውስጥ 26,328ቱ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው፤ ከግማሽ በላይ! መድኃኒት የዋጠ ሰው ሆስፒታል ደርሶ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ጥይት ግን ለጸጸት ጊዜ አይሰጥም። ለዚህ ደግሞ አንድ ጥይት የሚጎርስ ሾትገን ከበቂ በላይ ነው። ማጣሪያው የዛሬውን ሰው ነው የሚያየው። ከሦስት ዓመት በኋላ ሥራውን ያጣውን፣ መጠጥ የጀመረውን፣ ወይም ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ ያወቀውን የ14 ዓመት ልጅ ማን ያጣራዋል?

ሌላ ተሳታፊ፦ ማንም ያላነሳውን ላንሳ። በ2016 ሚኒሶታ ውስጥ ፊላንዶ ካስቲል የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ መኪና እየነዳ ፖሊስ አስቆመው። ፈቃድ ያለው መሣሪያ ነበረው። መያዙን በትሕትና ተናገረ። ፖሊሱ ተኩሶ ገደለው፤ ፍቅረኛው አጠገቡ፣ ትንሿ ልጇ ከኋላ ወንበር ላይ ነበሩ። በ2017 ፖሊሱ በነጻ ተለቀቀ። እንግዲህ መሣሪያው ጥቁርና ድሃ ሕዝብ በሚኖርበት ሰፈር ታደለ እንበል። ሰውየው ሌባውን አባርሮ፣ ሾትገኑን እንደያዘ በር ላይ ቆሞ ፖሊስ ቢደርስስ? በጨለማ ማን ሌባ፣ ማን ባለቤት እንደሆነ በምን ይለያል? ለዚህ ሥልጠና የሚያስፈልገው መጀመሪያ ለፖሊሱ ነው።

ሌላ ተሳታፊ፦ በነጻ የሚሰጥ ነገር ከተፈለገ ፊላደልፊያን እዩ። ተመራማሪዎች ባዶ ቦታዎችን በዕጣ ለዩና ከፊሎቹን አጸዱ። ቆሻሻው ተነሣ፣ ሣር ተተከለ፣ ዝቅ ያለ የእንጨት አጥር ተደረገ። በ2018 ውጤቱ ሲወጣ በድሃ ሰፈሮች የተኩስ ጥቃት 29 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ማንም አልታጠቀም። ወንበዴ መሣሪያ የሚደብቅበት ቁጥቋጦ ጠፋ፣ ነዋሪውም ደጅ ወጥቶ መቀመጥ ጀመረ።

ደጋፊ፦ ጥሩ ሥራ ነው፣ ይስፋፋ። ግን ሣር እስኪበቅል ዛሬ ማታ በሯ የሚደበደብባት ሴት ምን ታድርግ? ከመሣሪያው ጋር የሚቆለፍ የብረት ሣጥን ይሰጣት፣ በየዓመቱ ተመልሶ የሚጠይቃት ሰው ይኑር። ከዚያ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ?

ተቃዋሚ፦ የምፈልገውማ ያ ተመልሶ የሚጠይቃት ሰው ቤቱ ውስጥ ችግር ቢያይ መሣሪያውን የመውሰድ ሥልጣን እንዲኖረው ነው። ቴክሳስ ውስጥ ለአደጋ ምልክት ሲታይ መሣሪያን ለጊዜው የሚያስነጥቅ ሕግ የለም። አንዴ በስጦታ የተሰጠ ንብረት ነው፤ ድርጅቱ መልሺ ቢላት “አልመልስም” ማለት ትችላለች። እሷ ብትመልስ እንኳ፣ ያ በሯን የሚደበድበው ሰው ነገ ታርቆ ቤት ቢገባ መሣሪያው ያለበትን ሣጥን ያውቀዋል። ለእሷ ቁልፍ የሚቀይርላትና ለጊዜው የምትጠለልበት ቤት የሚሰጣት ድርጅት ቢኖር የመጀመሪያውን ብር እኔ አዋጣለሁ።