የጓሮ አትክልትና የዓይን ጤና ፕሮፖዛል፦ ረቂቁን አብረን እናስተካክል

የእድሩ ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በእድራችንና በሴቶቹ የጓሮ አትክልት ማኅበር ስም የሚቀርበውን ረቂቅ አይታችኋል። ሁለት ቦታ ላይ ተከራክረናል። አንዱ የዓላማው አንቀጽ ነው፤ «ካሮቲኖይድ ያላቸው ምግቦች ዓይንን ያድናሉ፣ ካንሰርን ይከላከላሉ» ይላል (ካሮቲኖይድ ለአትክልት ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ ቀለም የሚሰጥ ንጥረ ነገር ነው)። ሌላው በጀቱ ነው፤ ግማሹ ካሮቲኖይድ ላለው የዓይን እንክብል ተይዟል። ማክሰኞ ለጤና ጽሕፈት ቤቱ ስለምናስገባ እስከ ነገ ማታ ሐሳባችሁን ጻፉ።

አሜሪካ ያለው አባል፦ የእንክብሉን ነገር ያነሳሁት እኔ ነኝ። ለገና ወደ ሐዋሳ ስመጣ በሻንጣ ይዤ እመጣለሁ። እዚህ በየሱቁ «ለዓይን» እየተባለ ይሸጣል። ለአዛውንቶቻችን ቢደርስ ምን ይጎዳል?

ነርሷ፦ ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልን። ግን ሊጎዳ ይችላል። ፊንላንድ ውስጥ 29,133 አጫሽ ወንዶች የተሳተፉበት ሙከራ ነበር። ገሚሶቹ ከካሮቲኖይዶቹ አንዱ የሆነውን ቤታ ካሮቲን በየቀኑ 20 ሚሊግራም በእንክብል ወሰዱ። አንቲኦክሲደንት (ሴሎችን በኦክስጅን ከመበላሸት የሚጠብቅ) ስለሆነ ሳንባቸውን ከሲጋራው ጉዳት ይጠብቃል ተብሎ ነበር። በ1994 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲወጣ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ፤ የሳንባ ካንሰር እንክብሉን በወሰዱት ላይ በ18 በመቶ በለጠ። አሜሪካ የተጀመረውም ተመሳሳይ ሙከራ በ1996 እ.ኤ.አ. ከጊዜው በፊት ተቋረጠ። እድራችን ውስጥ ስንት አጫሽ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፤ ስም አልጠራም። ካሮት በልቶ እንዲህ የሆነ ግን የለም። ቢበዛ መዳፍ ቢጫ ይላል፣ ሲተዉት ይጠፋል።

ዛሬ ብዙዎቹ የዓይን እንክብሎች ቤታ ካሮቲኑን ትተው ሌሎች ሁለት ካሮቲኖይዶችን፣ 10 ሚሊግራም ሉቲንና 2 ሚሊግራም ዚያዛንቲን፣ ይዘዋል። ይህ የመጣው ከ2013 እ.ኤ.አ. ጥናት በኋላ ነው። እሱም ቢሆን የሚጠቅመው የዓይናቸው ማኩላ (አጥርተን የምናይበት የዓይን ጀርባ ክፍል) በእርጅና መጎዳት ለጀመረ ሰዎች ነው፣ ያውም ሐኪም አይቶ ሲያዝ። እንደ ንፍሮ አይታደልም።

የእድሩ ዳኛ፦ ልጄ፣ እኔ በዚህ ሁሉ ቁጥር ተደናገርኩ። ካሮትና ጎመን ዓይን ውስጥ ገብተው ምን ይሠራሉ? ሰው ሲጠይቀኝ የምመልሰው ስጪኝ።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ ሥራቸው ይለያያል። ካሮት፣ ዱባና ብርቱካናማ ስኳር ድንች ውስጥ ያለውን ቤታ ካሮቲን ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጠዋል። እሱ ሲጎድል ነው ልጅ ሲመሽ በር የሚስተው፤ ዳፍንት የምትሉት።

የጎመን ሉቲን ግን ቫይታሚን ኤ አይሆንም። ከዓይን ጀርባ፣ አጥርተን የምናይበት ቦታ ሄዶ ይከማቻል። ቢጫ ስለሆነ ሰማያዊውን ብርሃን እንደ መጋረጃ ያበርደዋል። ደግሞ ዘይት ፀሐይ ላይ ሲቆይ ጠረኑ እንደሚለወጠው፣ የሴሎቻችን ሽፋንም ቅባት ስላለው በብርሃንና በኦክስጅን ይበላሻል። ሉቲን ያንን ብልሽት ይከላከላል። አንቲኦክሲደንት የሚባለው ለዚህ ነው።

የሴቶቹ ማኅበር ሊቀመንበር፦ እናቴ ለዳፍንት ጉበት ታበላን ነበር።

ነርሷ፦ እትዬ፣ ልክ ነበሩ። ቫይታሚን ኤ የሚጠራቀመው ጉበት ውስጥ ነው። ለነፍሰ ጡር ግን አይብዛ።

የሴቶቹ ማኅበር ሊቀመንበር፦ እሺ። እኔ የምለው፣ ወጥ ስንሠራ በርበሬው ከገባ በኋላ ዘይቱ ቀልቶ ከላይ ይንሳፈፋል አይደል? ካሮትም ስንጠብስ ዘይቱ ቢጫ ይሆናል። ውኃ ላይ ግን እንዲህ አይሆንም።

ነርሷ፦ ያ ቀለም ራሱ ካሮቲኖይድ ነው! ቅባት ውስጥ እንጂ ውኃ ውስጥ አይሟሟም። ስለዚህ ጎመኑ ደቆ ይከተፍ፣ ዘይት ጠብ ይደረግበት። ያለ ዘይት የተቀቀለ ከሆነ አብዛኛው ሳይመጠጥ ነው የሚያልፈው። እትዬ ያሉትን እንዳለ ሠርቶ ማሳያው ላይ እናድርገው። ከእኔ ገለጻ ይልቅ ያ ድስት ያስተምራል።

ግብርና የተማረው ወጣት፦ ለተከላው ኩልፎ የሚባለውን የስኳር ድንች ዝርያ ሐሳብ አቀርባለሁ። ውስጡ ብርቱካናማ ነው። ገበያ ላይ የለመድነው ነጩ ቤታ ካሮቲን የለውም ማለት ይቻላል። 30 ሳንቲሜትር ያህል ሐረግ ቆርጦ መትከል ነው፤ በአራት በአምስት ወር ይደርሳል። «ውኃ ውኃ ይላል» የሚሉ አሉ፣ እውነት ነው። ለልጆች ግን ለስላሳነቱ ጥሩ ነው። ለፖስተሩም «ካሮት ብሉ፣ መነጽር ጣሉ» የሚል አስቤያለሁ 😄

ነርሷ፦ ፖስተሩን ተወው በናትህ። ካሮት መነጽር አያስጥልም። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው ሀገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውራኑ ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የዓይን ሞራ ነው። ሞራ በቀዶ ሕክምና እንጂ በጎመን አይነሳም። ሰው ፖስተር አምኖ ቤቱ ቢቀመጥ ጥፋቱ የእኛ ነው።

የሴቶቹ ማኅበር ሊቀመንበር፦ ስኳር ድንቹን አድርቀን ለገንፎ ብንፈጨውስ?

ነርሷ፦ ይቻላል፣ ግን ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ፀሐይ ቀለሙን ከነጥቅሙ ይወስደዋል።

አሜሪካ ያለው አባል፦ እሺ ተረትቻለሁ። ለእንክብሉ ያሰብኩትን ብር ለአዛውንቶቹ የዓይን ምርመራ አድርጉት።

የእድሩ ጸሐፊ፦ እንግዲህ ዓላማው እንዲህ ተስተካክሏል፦ «በ40 አባወራ ጓሮ ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባና ብርቱካናማ ስኳር ድንች ማልማት፤ በዘይት አሠራራቸውን በተግባር ማሳየት፤ ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ አባላትን ለዓይን ምርመራ መላክ።» «ያድናሉ» እና «ካንሰር» ወጥተዋል። የእንክብል መስመሩም ተሰርዟል። የልጆቹን ቫይታሚን ኤ በየስድስት ወሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለሚሰጡ እኛ አልነካነውም።

የእድሩ ዳኛ፦ እንቁላልስ? ዶሮ ያላቸው ብዙ ናቸው።

ነርሷ፦ አስኳሉ ሉቲን አለው፣ ቅባቱም አብሮት ነው። ግን ተከላው ሁዳዴ ላይ ስለሚውል ለጿሚው በፋሲካ እንጀምረው።

የእድሩ ጸሐፊ፦ ጨምሬዋለሁ። አንድ የቀረ ነገር፦ ሐረጉን ከምርምር ማዕከሉ የሚያመጣው ባጃጅ ሂሳብ በጀቱ ውስጥ የለም። ከየትኛው መስመር ላንሳው?