የሳንቲም ማሳያው ዘንድሮ የት ይሁን፣ ድሬ ወይስ ሐረር?

ጠያቂ (ድሬዳዋ፣ ለገሃሬ)፦
ሰላም ሰብሳቢዎች። አምና ጀጎል ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግተን ነበር። የ1889ኙን የምኒልክ ብሬን ጥቁር ጨርቅ ላይ አስቀምጬ ዋልኩ። ተመልካቹ ጉድ ነው። ቱሪስቱ ፎቶ ያነሳል፣ ልጆች «ስንት ያወጣል?» ይላሉ። የሚለዋወጥ ሰው ግን ጠፋ። ከአዲስ አበባ እንመጣለን ያላችሁም ቀራችሁ። ዘንድሮ ድሬ ብናደርገውስ?

መልስ 1 (አዲስ አበባ)፦
ከቀሩት አንዱ እኔ ነኝ፣ አፉ በሉኝ። ሐረር አውሮፕላን አይወርድም። ድሬ ወርጄ፣ ቦርሳዬን ታቅፌ በሚኒባስ ደንገጎን ልውጣ? አንድ ጠገራ ብር 28 ግራም ነው። መቶውን ስትይዝ ወደ 3 ኪሎ ይጠጋል፤ ዓይንም ይስባል። ድሬ ከሆነ መጣሁ።

መልስ 2 (ሐረር)፦
አቦ ተዉ እንጂ! ምኒልክ በ1879 እስኪገቡ ድረስ ሐረር መሐለቅ የሚባል የራሷን ሳንቲም ትመታ ነበር። ሸሪፍ ሙዚየም ጎራ ብላችሁ እዩ። ለሳንቲም ሰው ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ደግሞ በድሬ ሙቀት ላብ ባለበት ጣት ብር ስትነኩ አሻራው ይቀራል።

ጠያቂ፦
የላቡ ነገር እውነት ነው፣ ጓንት እገዛለሁ። ከስድስት ሰዓት በኋላማ ሁለቱም ከተማ ያው ነው፣ ሰው በርጫ ላይ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ድሬ እንለዋወጥ። እሑድ የፈለገ ሙዚየሙን ለማየት ሐረር ይውጣ። ቬንትሌተር ያለው አዳራሽ የምታውቁ ጠቁሙኝ።