በትንሽ ብር የብስክሌት ቸርኬ ለመቀየር፦ ከባሕር ዳር ጥቆማ

ሰሞኑን ሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። ሦስቱም በቀጭን ጎማ የአስፋልት ብስክሌት ሥራ የሚመላለሱ ናቸው። «ቸርኬ ልቀይር ነው፤ ብሬ ትንሽ ናት፤ የቱን ልግዛ?» እኔም ከዘንዘልማ ወደ ፔዳ ግቢ በብስክሌት ስመላለስ ዓመታት አልፈዋል። ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ መንገዳችንን እናስብ። ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ደብረ ማርቆስ ዳገት ለሚገፋ ሰው ክብደት የቀነሰ ቸርኬ ይጠቅመዋል። ለእኛ ግን ልዩነቱ እምብዛም ነው። እኛን የሚፈትነን የሰፈር ኮብልስቶን፣ የአስፋልት ጉድጓድ፣ የግራር እሾህ፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ውሃና ጭቃ ነው። በ2016 የተመረቀው የአባይ ድልድይ ላይ ማንኛውም ቸርኬና ጎማ ይንሳፈፋል። ጭንቁ ከድልድዩ ወርዳችሁ ወደ ሰፈር ስትታጠፉ ነው።

ስለዚህ ብራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ጎማችሁን እዩ። ብዙዎቻችን የምንነዳው ስፋቱ 23 ሚሊ የሆነ ጎማ ነው። ፍሬኑና ፎርኬታው ቦታ ከሰጣችሁ ወደ 28 ወይም 32 ውጡ። 23ቱን 100 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ስንነፋው ኮብልስቶኑ እስከ ጥርሳችን ድረስ ይሰማን ነበር። 32ቱ ግን 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ60 እስከ 65 ይበቃዋል። ለቸርኬውም ለወገብም እረፍት ነው። ከውስጡ እሾህ የሚከላከል ንጣፍ ያለው ጎማ ካገኛችሁ ትንሽ ጨምራችሁ ውሰዱት። ጎሚስታ ጋር የምትቆሙበትን ጊዜ ያሳጥርላችኋል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ገበያ ላይ «28 ነው» የሚባሉ ሁለት የተለያዩ ልኮች አሉ፤ ይህ 28 የጎማው ስፋት በሚሊ ሳይሆን የቁመቱ ልክ በኢንች ነው። የአስፋልት ብስክሌት 700 የሚባለው ጎኑ ላይ 622 የሚል ቁጥር አለው። የድሮው ረጅሙ የቻይናና የህንድ ብስክሌት ግን 635 ነው። በዓይን ይመሳሰላሉ። ግን አንዱ ለሌላው አይገባም። ሻጩ «ይሆናል» ቢላችሁም ቁጥሩን ራሳችሁ አንብቡ።

አሁን ወደ ቸርኬው። ከፊታችሁ ሦስት መንገድ አለ።

አንደኛው ያገለገለ መግዛት ነው። ርካሽ ነው፤ ግን ዓይን ይፈልጋል። የፍሬኑ ጎማ የሚነካውን የቸርኬውን ጎን በጣታችሁ ዳሱት። ወደ ውስጥ ከጎደጎደ ተበልቷል፤ አንድ ቀን ሊፈነዳ ስለሚችል ተዉት። አሽከርክሩትና ይወላገድ እንደሆነ እዩ። ዘንጉን ያዙና ግራ ቀኝ ነቅንቁት፤ ከተንኳኳ ኩሽኔታው ላልቷል ወይም አልቋል። የብረት ቸርኬ ደግሞ በዝናብ ፍሬን አይዝም ማለት ይቻላል። ለእኛ ክረምት አሉሚኒየም ብቻ።

በዚህ መንገድ እኔ ተጎድቻለሁ። ሽቦው 20 ብቻ የሆነ፣ ለውድድር የተሠራ የኋላ ቸርኬ አገኘሁና ውበቱ አሞኘኝ። ክብደቱም ላባ ነበር። በሐምሌ አንድ ማታ ጉድጓድ ውስጥ ገባሁና አንድ ሽቦ ተበጠሰ። በ20 ሽቦ ላይ የአንዱ መበጠስ ከባድ ነው። ቸርኬው ወዲያው ወልገድ ብሎ ፍሬኑ ላይ ተጣበቀ። በዝናብ ብስክሌቱን ተሸክሜ ቤቴ ገባሁ። ከሁሉ የከፋው ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። ሽቦው ጠፍጣፋ፣ ልዩ ዓይነት ስለነበር የሚተካው ጠፋ። ሦስት ሳምንት በባጃጅ ተመላለስኩ። ባለ 36 ሽቦ ቢሆን ኖሮ ፍሬኑን ላላ አድርጌ ቤቴ እነዳው ነበር፤ በማግስቱም ማንኛውም ሠራተኛ ይተካልኝ ነበር።

ሁለተኛው መንገድ አዲስ አበባ ወይም ውጭ ካለ ዘመድ አዲስ ማስመጣት ነው። ይህ ጥሩ ነው፤ ግን ከማዘዛችሁ በፊት ሜትር ያዙ። ቸርኬው የሚገባበት የኋላው ሹካ በሁለቱ ጎን መካከል ስንት ነው? የድሮው የአስፋልት ብስክሌት 126 ሚሊ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጣው 130፤ የተራራው ደግሞ ብዙውን ጊዜ 135። ማርሻችሁ ተጠምዝዞ የሚገባ ፍሪዊል ነው ወይስ ተንሸራቶ የሚገባ ካሴት? ይህን ሳትለዩ ያዘዛችሁት ዕቃ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። ካሴት የሚወስደውን ሞዞ (ሽቦዎቹ የሚሰኩበትን የቸርኬውን እምብርት) እመክራለሁ፤ ኩሽኔታው እስከ ዘንጉ ዳር ስለሚደርስ ዘንጉ በቀላሉ አይጎብጥም።

ሦስተኛው፣ እኔ የምወደው፣ የራሳችሁን ሞዞ አሳጥባችሁ አዲስ ባለ ድርብ ግድግዳ አሉሚኒየም ቸርኬና ዝገት የማይነካው ሽቦ ማስገጠም ነው። 32 ወይም 36 ቀዳዳ ይሁን፤ የቸርኬውና የሞዞው ቀዳዳ ቁጥር እኩል መሆኑን ግን ቁጠሩ። ሞዞው ሺማኖ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ ልቅ ኳሶች ናቸው ያሉት፤ ከኋላ በየጎኑ 9። ማንኛውም ሠራተኛ ፈትቶ ያጥባል፣ ግሪስ ይቀባል። ዝግ ኩሽኔታ ያለው ከሆነም አትደንግጡ። ሽፋኑ ላይ 6001 የመሰለ ቁጥር ተጽፏል፤ ያንኑ ቁጥር ይዛችሁ የሞተርና የውሃ ፓምፕ ዕቃ ወደሚሸጥበት ሂዱ።

የዚህ መንገድ ዋጋ ያለው ሠራተኛው ላይ ነው። ቸርኬ ሲያቃና ዝም ብላችሁ እዩት። ጥሩው ሠራተኛ አንዱን ሽቦ ብቻ አጥብቆ አይተወውም፤ ሌላውንም በሩብ ዙር እያላላ እያጠበቀ ይሄዳል። ሲጨርስ ሽቦዎቹን በጥፍራችሁ ምቱ። በአንድ ጎን ያሉት ተቀራራቢ ድምፅ ካላቸው ሥራው ሥራ ነው። አንዱ «ጭር» ሌላው «ድው» ካለ መልሱለት። በሁለት ሳምንቱ ደግሞ ውሰዱለት፤ አዲስ ሽቦ ቦታውን ሲይዝ ይላላል። ከአስፋልት ዳር ጃንጥላ ሥር ከሚሠሩት መካከል ባለ ትልቅ ሱቁን የሚያስንቁ አሉ።

ብር ለሁለት ካልበቃ የኋላውን ብቻ ቀይሩ። ክብደታችሁ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው፤ ሽቦ የሚበጠሰውም በብዛት እዚያው፣ በማርሹ በኩል ነው።

ለሦስቱ ጠያቂዎቼ ያልኳቸው ይኸው ነው። የፖሊ ግቢዋ እህታችን ቸርኬዋ ጤነኛ ነው፤ ወደ ባለ 28 ሚሊ ጎማ ብቻ ትቀይር። ከቀበሌ 14 የሚመላለሰው ወንድማችን የኋላውን በ36 ሽቦ ያስገጥም። ሦስተኛው ገና ሹካውን አልለካም። ቅዳሜ ጠዋት አብረን እንሄዳለን፤ የተበጠሰበትን ሽቦ ለልክ ይዞ ይምጣ።